ካሜራ ልቀይር ወይስ ሥራ ልልቀቅ? ፎቶ ማንሳትን እንጀራዬ ላደርገው ነው፣ ምከሩኝ

ሳሪስ_ላይ
ጥቅምት 9፣ 2018

ሰላም ለቤቱ። ዝም ብለው ከሚያነቡት አንዱ ነኝ ዛሬ ግን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ካሜራ የጀመርኩት በ2014 የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ያገለገለ ካኖን 6ዲ ከ50 ሌንስ ጋር ይዛልኝ መጥታ ነው፣ ከዛ ወዲህ በቃ ቅዳሜና እሁድ የሚባል ነገር የለኝም። ክርስትና፣ ልደት፣ የሰፈር ልጆች ምረቃ፣ አንዴም የእድር ጠቅላላ ጉባኤ አንስቻለሁ (አትሳቁ 800 ብር ከፍለውኛል)። ባለፈው ክረምት ከምረቃ ብቻ ያገኘሁት ከሁለት ወር ደሞዜ በለጠ።

አሁን ሁለት ነገር ባንዴ መጣብኝ። አንደኛ እቁብ ወጣልኝ፣ 180 ሺህ። ሁለተኛ የቢሮ ጓደኛዬ እህት ጥር 17 ልታገባ ነውና "አንተ እያለህ ለማን ልንከፍል" ተባልኩ፣ ስንት እንደሚጠየቅ ስላላወቅኩ 25 ሺህ አልኩ፣ ሳይከራከሩ እሺ ሲሉኝ ጊዜ አሳንሼ እንደጠየቅኩ ገባኝ። ሰርግ ብቻዬን አንስቼ አላውቅም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ በእቁቡ ያገለገለ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ልግዛ? ወይስ ብሩን ይዤ ሥራ ልቀቅና ስድስት ወር ልሞክረው? እናቴ ሁለተኛውን ስነግራት ምንም አላለችም፣ ተነስታ ቡናውን አነሳችው። የሚያውቃት ያውቃታል።

ጉርድ_ፎቶ
ጥቅምት 9

ሥራም አትልቀቅ ካሜራም አትግዛ። ሌላ ጥያቄ ካለህ ቀጥል።

እየቀለድኩ አይደለም እኮ። እስቲ ካላንደር አውርድና ቁጠር። ህዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፣ እስከ ገና የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም። ጥር ላይ ሁሉም ሰው ያብዳል፣ ለአንድ እሁድ ሦስት ሰው ይደውልልሃል ሁለቱን ትመልሳለህ። ከዛ ሁዳዴ 55 ቀን። ሌላ ጊዜ ሁዳዴን በሙስሊም ሰርግ እንገፋዋለን፣ ዘንድሮ ግን ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ ሁዳዴ የካቲት 9 ይገባል፣ ረመዳንም እዛው ሳምንት ላይ ነው፣ ሁለቱም ባንዴ ገቡ ማለት ነው። የሚቀርህ የፕሮቴስታንት ሰርግ ነው፣ እነሱ ጋ ደግሞ ቸርች ውስጥ ሁሌም ካሜራ የያዘ የመዘምራን ልጅ አለ። ከፋሲካ በኋላ ይሞቃል፣ ሰኔና ሐምሌ ምረቃ ነው፣ ነሐሴ ዝናብና ፍልሰታ። ደሞዝህ 12 ወር ይከፍልሃል፣ ይሄ ሥራ የሚከፍለው አምስት ስድስት ወር ነው። አንተ ስድስት ወር ልሞክር ብለህ ከህዳር ብትነሳ ሦስቱ ወር ጾም ነው ወንድሜ።

እኔ ፎቶ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ፣ ስሜን እዩት። ሰርግ ስሙ ነው እንጂ ኪራዬን የሚከፍለው ጉርድ ፎቶ ነው። ዲቪ ሲሞላ ደግሞ ወረፋ ነበር፣ 600 በ600፣ ከ240 ኪሎባይት እንዳይበልጥ፣ መነጽር አውልቂ፣ ነጠላሽን አውርጂ ሲባል ነው የሚመሸው። አርት አይደለም። ዳቦ ነው።

ስልክ_ይበቃል
ጥቅምት 9

አይፎን እያለ ምን ካሜራ ታስገዙታላቹ። ፖርትሬት ሞድ በቂ ነው።

ማሂ_ሌንስ
ጥቅምት 10

ከላይ ያለውን ዝለለው።

ጉርድ_ፎቶ ስለ ጾሙ ያለው ልክ ነው ግን ካሜራ አትግዛ የሚለው ላይ አልስማማም። 6ዲ ጥሩ ካሜራ ናት፣ ጨለማ ላይ ከስንቱ ትሻላለች፣ ነገር ግን የምትወስደው ሜሞሪ አንድ ብቻ ነው። ለልደት ችግር የለውም። ለሰርግ ግን አንድ ሜሞሪ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰብኝን ልንገርህ።

በ2012 ነው፣ ያኔ እኔም አንድ ሜሞሪ ብቻ የምትወስድ ካሜራ ነበረችኝ። መልስ ነበር፣ ባለ 64 ጊጋ አንድ ሜሞሪ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ አነሳሁ፣ እየሳቅኩ እየበላሁ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ላፕቶፑ ላይ ስሰካው ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እጄ ነው የቀዘቀዘው። አውጥቼ በቀሚሴ ጠርጌ መልሼ ሰካሁት፣ አሁንም ፎርማት። ማስመለሻ ሶፍትዌር ሦስት ሌሊት ሙሉ አስኬጄ (አንዱን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ከዜሮ ጀመርኩ) ከ1400 ፎቶ 900 ገደማ አወጣሁ። ከጠፉት ውስጥ የሙሽራዋ አያት ግንባሯን ይዘው ሲመርቋት ያነሳሁት ነበር። አያትየው በወራቸው አረፉ፣ እና ልጅቷ ደውላ "እሱ ፎቶ አለ አይደል?" አለችኝ። የለም አልኳት። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዛ ወዲህ ሁለት ሜሞሪ የማይወስድ ካሜራ ይዤ ሰርግ አልገባም፣ ሁለቱም ላይ እኩል እንዲጽፍ ነው የማደርገው። ሜሞሪውንም የቤት፣ የቤተክርስቲያን፣ የአዳራሽ ብዬ እለያለሁ፣ አልበሙ እጃቸው ሳይገባ አላጠፋም። ስለዚህ መቀየርህ ካልቀረ ሶኒዋም ሁለት ትወስዳለች፣ ግን 180ውን ሙሉ አታፍስስ፣ ያገለገለች ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ፈልግ። ሁለት ሜሞሪ ትወስዳለች፣ ያለህን ሌንስ አትቀይርም፣ ለፍላሽና ለባትሪ ይተርፍሃል። ስትገዛ ሹተር ካውንቱን (ስንት ጊዜ እንዳነሳች የሚቆጥረውን) አስነብብ፣ 150 ሺህ ጊዜ እንድታነሳ ነው የተሠራችው፣ ሻጩ "ብዙም አልሠራችም" ሲልህ አትመን፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው፣ እኔም ስሸጥ ብያለሁ።

ደግሞ ብቻህን ሰርግ ሳትገባ እኔ ጋ ና። ጾሙ ሳይገባ ሁለት ሰርግ አለኝ፣ ሰከንድ ካሜራ (ከኔ ጎን ሁለተኛ አንሺ) ትሆናለህ፣ ብዙ አልከፍልህም።

ሳሪስ_ላይ
ጥቅምት 10

እህቴ የአያትየውን ሳነብ ሆዴ ባባ። እሺ እመጣለሁ፣ ባትከፍይኝም። በውስጥ መስመር ጻፍኩልሽ።

ማሂ_ሌንስ
ጥቅምት 10

"ባትከፍይኝም" የምትለዋን ቃል ከአፍህ አውጣት። በነጻ የጀመርክለት ሰው በነጻ ነው የሚያውቅህ። እኔ ስጀምር "ሥሪልኝና ስምሽን አስተዋውቅልሻለሁ" የሚሉኝን ሁሉ እሺ እል ነበር፣ አንድም ሰው በሱ አልመጣልኝም፣ የመጡትም በነጻ የሚፈልጉ ናቸው።

ውል_ይሻላል
ጥቅምት 11

ሕግ ተምሬ ፎቶ ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ (አባቴ እስካሁን አልተቀበለኝም)። ስለ ካሜራ ብዙ ተባለ፣ ስለ ቀብድ ማንም አላነሳም። ሰርጉን እሺ ብለሃል፣ ቀብድ ተቀብለሃል ወይ? ካልተቀበልክ ጥር ላይ የአጎታቸው ልጅ ካሜራ ይዞ ከውጭ ሲመጣ "ይቅርታ ወንድሜ" ትባላለህ።

ከተቀበልክ ደግሞ ሁለተኛውን ጎን እወቅ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይሄን ተምሬው ፈተና ላይ መልሼዋለሁ፣ ከዛ ራሴ ላይ ደረሰ። 10 ሺህ ቀብድ በልቼ የተሻለ ሥራ መጣልኝና ቀብዳቸውን ልመልስላቸው ሄድኩ። የሙሽራው አጎት መነጽራቸውን አውልቀው "20 ነው ልጄ" አሉኝ። ጠበቃ ናቸው። 20 ሺህ ከፈልኩ፣ ቡናም አጠጥተውኛል።

ስለዚህ አንድ ገጽ ውል ጻፍ፣ በአማርኛ፣ ረጅም አታድርገው። ቀኑ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ከዛ ካለፈ በሰዓት ስንት፣ ስንት የተሠራ ፎቶ ትሰጣለህ፣ መቼ ትሰጣለህ፣ ቀሪው ክፍያ መቼ ነው። እኔ ቀሪውን በሰርጉ ዋዜማ ነው የምቀበለው፣ ከሰርግ በኋላ ያለ ሙሽራ ብር የለውም፣ ጫጉላ ላይ ነው ወይ ዕዳ ላይ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የተገላቢጦሽ ነው የሚያውቀው። "እኔ ስላነሳሁት ፎቶው የኔ ነው" ይላሉ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ ባለቤቱ ያዘዘው ሰው ነው ይላል። ማለትም ውልህ ላይ ካልጻፍክ የሰርጉን ፎቶ ለራስህ ማስታወቂያ መለጠፍ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ነው። በዛ ላይ የፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትም መሸጥም ይከለክላል፣ ቁጥር 28 ላይ ለሕዝብ ጉዳይና በአደባባይ ለተደረገ ነገር ልዩ ሁኔታ አለው፣ የሙሽራ መኝታ ቤት ግን አደባባይ አይደለም። "ለገጼ የምመርጣቸውን ፎቶዎች መለጠፍ እችላለሁ" የምትል አንዲት መስመር አስፈርም፣ እምቢ ካሉም እምቢ ነው።

ሳሪስ_ላይ
ጥቅምት 11

ቀብድ አልተቀበልኩም። የቢሮ ጓደኛዬን ቀብድ ማለት ከበደኝ።

ውል_ይሻላል
ጥቅምት 11

ከጓደኛህ ነው መጀመሪያ የሚያዘው።

ሳሪስ_ላይ
ጥቅምት 13

ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ እንደ ሥራዬ ሂሳቡን ሠራሁት፣ ቢሮ ለሰው የምሠራውን ለራሴ ሠርቼ አላውቅም ነበር። ከ25 ሺው የአልበም ማሳተሚያ 8 ሺህ፣ ሰከንድ ካሜራ 4 ሺህ፣ ራይድ ለቀኑ 1,800፣ ሁለት ጥሩ ሜሞሪ 3 ሺህ። የሚቀረኝ 8,200። ማሂ እንዳለችኝ ሰርጉ 14 ሰዓት ነው፣ ኤዲቱን ደግሞ ካለፈው ክርስትና ተነስቼ 40 ሰዓት ገመትኩ። 54 ሰዓት። ለሰዓት 152 ብር ገደማ መጣ።

አላበቃም፣ የካሜራ እርጅና አለ አይደል። ማሂ ያለቻትን ካኖን 5ዲ ማርክ 3 በ85 ሺህ አግኝቻለሁ፣ ሹተሯ 60 ሺህ ሄዷል፣ 90 ሺህ ይቀራታል ብንል፣ በአንድ ሰርግ 2,500 ጊዜ ብጫን 36 ሰርግ ትሠራለች፣ ለአንድ ሰርግ 2,361 ብር ነው። እሱን ስቀንስ ለሰዓት 108 ብር። ላፕቶፑንና ኢንተርኔቱን ሳልቆጥር ማለት ነው፣ ግብሩንም። እናቴ ቡናውን ያነሳችው ለካ አውቃ ነው።

ጉርድ_ፎቶ
ጥቅምት 13

ሃሃሃ 150 ሺህ ስትሞላ አትፈነዳም እኮ፣ የኔ ማርክ 2 ስንት ዓመቷ ነው እስካሁን ታነሳለች። ግን ሂሳብህ ጥሩ ነው፣ እኔ 11 ዓመት ሠርቼ እንዲህ አስቤው አላውቅም፣ አሁን ልቤ ተረበሸ። በተለይ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ሌንስ ሁሉ ዋጋው ሌላ ነው፣ ድሮ በገዛንበት ዋጋ እያሰብን ነው ሰርግ የምንሠራው። የተሰበረው ዕቃ ሲተካ ነው የሚያቃጥለው።

ውል_ይሻላል
ጥቅምት 13

25 ብለሃል፣ ቃልህን አታጥፍ። ግን 25 ሺው አልበም አለው ብለሃል ወይ? ካላልክ ውሉ ላይ አልበሙን አውጣው፣ ለብቻው ዋጋ ጻፍለት። እኛ ሀገር ሰው ዋጋ ሲጨመርበት ይቆጣል፣ የሚመርጠው ሲሰጠው ግን ትልቁን ነው የሚያዘው።

የፒያሳው_አዛውንት
ጥቅምት 15

ልጆች እንዴት ሰነበታችሁ። የልጅ ልጄ ናት ይሄን የከፈተችልኝ። እኔ ከፊልም ዘመን ነኝ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት ነው ያደግኩት። አንድ ሰርግ ሦስት ፊልም ነበር፣ ሦስት ጊዜ 36፣ አለቀ። 2,500 ጊዜ እጫናለሁ ስትል ደነገጥኩ፣ ጣትህስ አይደክምም?

ስለ ብር ብዙ ተመከርክ፣ እኔ ስለ ፊት ልንገርህ። ሙሽራዋ ጠይም ናት እንበል፣ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ። ካሜራ ነጭ በዛ ብሎ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል፣ ቀሚሱ ግራጫ ይሆናል፣ የልጅቷ ፊት ከሰል ይሆናል፣ ከዛ እናንተ በኮምፒውተር ፊቷን ታነጡና ሌላ ሰው ታደርጓታላችሁ። ይሄን ያህል ሰርግ አይቻለሁ፣ ልጅቷ ለእናቷ እንኳ አትመስልም። ብርሃኑን ከፊቷ ላይ ለካ፣ ልብሱን ተወው። ትንሽ ከፍ አድርግ፣ የጥልፉ ዝርዝር እስኪጠፋ ግን አይደለም፣ ሽመናው የደከመበት ሰው አለ። ጠይም ፊት በመስኮት ብርሃን ላይ እንዲህ በጎን ሲቆም፣ ጉንጩ ላይ የሚያበራት ነገር አለች፣ እሷን ካገኘህ ሌላ አትንካ።

ሌላው፣ ይሄ ሥራ ዘመድ ነው። አርመኖቹ ቦያጂያኖች አባትየው ቤድሮስ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት አነሱ፣ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ተከተሉ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሄደ ደንበኛ ነበራቸው፣ ምንም እንኳ ደንበኛው ንጉሥ ቢሆንም። እኔም በትንሹ አይቼዋለሁ፣ ክርስትናውን ያነሳሁት ልጅ መጥቶ የልጁን ክርስትና አንሱልኝ ብሎኛል። ጨርሻለሁ።

ሳሪስ_ላይ
ጥቅምት 15

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አዳራሽ ውስጥስ? አንድ ምረቃ ላይ ፎቶዬ ሁሉ አግድም ጥቁር መስመር ወጣበት፣ ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

ማሂ_ሌንስ
ጥቅምት 15

እሱ የኤልኢዲ መብራቱ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፣ አንተ የሹተሩን ፍጥነት 1/250 ሰከንድ ስታደርገው ግማሹን ትይዛለህ። 1/100 ወይ 1/50 አድርገው፣ አብዛኛው ይጠፋል። የዲኮር ሰዎቹ የሚያመጡት ባለቀለሙ መብራት ግን በዚህም ላይሰማህ ይችላል፣ እሱ ላይ ፍላሽህን ተጠቀም።

ቤተክርስቲያን ከሆነ ደግሞ ፍላሽ እርሳው። ተክሊል ካላቸው ሌሊት ነው የምትገባው፣ ጫማህን ታወልቃለህ (ካልሲህን አይተህ ልበስ፣ እኔ አንዴ ተቀዶ ተዋርጃለሁ)፣ ቁምልኝ የተባልክበት ቦታ ትቆማለህ። በዋዜማው ሄደህ ዲያቆኑን ወይ ሰበካ ጉባኤውን አናግር፣ በነጋታው ከሰው መሀል ተጎትተህ ከምትወጣ።

ደግሞ ለሴቶቹ፣ የምታነቡ ካላቹ፣ በዚህ ሥራ የሚበልጠን ወንድ የማይገባበት ቦታ አለ። የሙሽራ ልብስ መልበሻ ክፍል አንዱ ነው። ሌላው የሙስሊም ሰርግ የሴቶች ፕሮግራም ነው፣ በር ላይ ስልክ ሁሉ ይሰበሰባል፣ ካሜራ ይዛ የምትገባው አንዲት ሴት ናት፣ ፋይሉንም ለማንም አላሳይም ብላ ቃል ትገባለች። እኔ ግማሽ ገቢዬ ከዛ ነው። ከነዛ ሰርጎች አንድም ፎቶ ገጼ ላይ የለም፣ ደንበኛው ግን አንዷ ለሌላዋ እየነገረች ነው የሚመጣው፣ ለጥፌ ካገኘሁት ይበልጣል።

ከሜሪላንድ
ጥቅምት 18

እኔ እዚህ አሜሪካ በሀበሻ ሰርግ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ሰርግ፣ እሁድ መልስ፣ ሰኞ ወገቤን። አዳራሾቹ ብዙዎቹ የ1 ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ ወረቀት ካላመጣህ አያስገቡህም፣ ሰው ባንተ ትራይፖድ ተደናቅፎ ቢወድቅ ተብሎ። አዲስ አበባ እንደዛ የለም፣ ግን ትራይፖዱ አለ፣ አስቡበት።

የምመክርህ ስለ ሰዓት ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው ሰዓትና ሙሽሮቹ የሚገቡበት ሰዓት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ ውሌ ላይ ሰዓቴ የሚጀምረው ከመጣሁበት እንጂ እናንተ ከመጣችሁበት አይደለም ብዬ ጽፌያለሁ። አንዴ ሙሽራው ፀጉር አስተካካይ ጋ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ኬክ ሳይቆረጥ ሰዓቴ አለቀ፣ አልሄድኩም ቆየሁ፣ ግን የተጨማሪው ሰዓት ክፍያ ውሉ ላይ ስለነበር ሳንጣላ ተከፈለኝ። ከዚህ ሄደው አዲስ አበባ የሚያገቡ ደግሞ ከስምንት ዘጠኝ ወር በፊት ነው የሚፈልጉህ፣ በዛው ቀን መልስ ላክላቸው፣ ሦስት ቀን የቆየ መልስ ለነሱ የለም ማለት ነው።

ፒክስል_ነኝ
ጥቅምት 19

ሁሉም ሰርግ ሰርግ አላቹ። ፎቶ ሰርግ ብቻ ነው እንዴ? ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችውን አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ያየ ሰው ሌላም መንገድ እንዳለ ያውቃል። ሚካኤል ፀጋዬ ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለሙ አለርጂ ሲሆንበት ነው ወደ ካሜራ የዞረው፣ ዛሬ ሥራው በየሀገሩ ይታያል። ልጁን ገና ሳይጀምር አዳራሽ ውስጥ ቀበራቹት።

ጉርድ_ፎቶ
ጥቅምት 19

ልክ ነህ፣ ግን ልጁ የጠየቀው ኪራይ ነው። ደግሞ ከሰርግ ውጪ ከሆነ ሽሮ ሜዳ ይሂድ። የሀበሻ ቀሚስ ሱቆቹ በቴሌግራምና በቲክቶክ ነው የሚሸጡት፣ አዲስ ዲዛይን በወጣ ቁጥር ፎቶ ይፈልጋሉ፣ ጾም አያውቁም፣ እንደውም ከበዓል በፊት ይብሳሉ። ትንሽ ትንሽ ነው የሚከፍሉት ግን በየሳምንቱ ነው።

ክፍያ ስትቀበል ግን ስክሪንሾት አትመን። አንዱ የቴሌብር ስክሪንሾት አሳየኝና 3,500 ብር ላኩልህ ብሎ ፎቶውን በፍላሽ ዲስክ ይዞ ሄደ፣ ማታ ሳየው ብር የለም፣ ስክሪንሾቱ ላይ ያለው ቀን ራሱ የባለፈው ሳምንት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አሁን የኔ ስልክ ጮሆ መልዕክቱን ካላነበብኩ ማንም ከቤቴ አይወጣም።

ሳሪስ_ላይ
ጥቅምት 20

ድርጅቶች ላይ ደግሞ እኔ ልጨምር፣ ከዚህ በፊት ከኛ ቢሮ ጋር የሠራ ፎቶ አንሺ ነበር፣ ቲን ቁጥር የለኝም ሲል ከክፍያው 30 በመቶ ቆርጬበታለሁ፣ ሕጉ እንደዛ ስለሆነ። ፊቱ አሁንም ይታየኛል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዬ ቲን ማውጣት ነው፣ የንግድ ፈቃዱንም ጠይቄያለሁ፣ ወረዳው የቤት ኪራይ ውል አምጣ ብሎኛል፣ በእናቴ ቤት አድራሻ ይሆን እንደሆነ እያየሁ ነው። ቡናው ላይ ልጠይቃት ነው።

ሳሪስ_ላይ
ህዳር 16

ከማሂ ጋር ሁለት ሰርግ ሠራሁ። አምስት መቶ ምናምን ፎቶ አንስቼ የተጠቀመችው 41 ነው። ቀሪውን ቁጭ አድርጋ አንድ በአንድ አሳየችኝ፣ "እዚህ ጋ የማን አክስት ናት? አታውቅም። ለምን አነሳሃት?" እያለች። ከሷ የተማርኩት ትልቁ ነገር ካሜራ አይደለም። እያንዳንዱ ሰርግ ላይ ሁሉን የምታውቅ አንዲት አክስት አለች፣ ጠዋት ቤት ስትገባ እሷን ፈልጎ መያዝ ነው፣ የቤተሰብ ፎቶ ሲደርስ ስም እየጠራች የምታመጣው እሷ ናት፣ አለበለዚያ ሰባት ጊዜ "የአባቱ ወገን" እያልክ ትጮሃለህ፣ ማንም አይመጣም፣ ሁሉም ምግብ ላይ ነው።

ማርክ 3ን ገዛሁ፣ ሥራ አልለቀቅኩም፣ የዓመት ፈቃዴን ለጥር አስቀመጥኩ። ውሉንም ጻፍኩ፣ 25 ሺው አልበም የለውም፣ አልበም 9 ሺህ ለብቻው ብዬ። የቢሮ ጓደኛዬ አንብቦ "አንተማ ሠልጥነሃል" አለኝና 10 ሺህ ቀብድ ላከ። ስልኬ ጮሆ አረጋግጫለሁ ጉርድ_ፎቶ።

ሳሪስ_ላይ
ጥር 20

አለፈ! ከትናንት በስቲያ ማታ 7 ሰዓት ነው የገባሁት፣ እግሬ ውስጥ ልብ ያለ ይመስል ይመታል።

ጠዋት 12 ሰዓት ሙሽራዋ ቤት ስደርስ መብራት የለም። ሜካፕ የምትሠራት ልጅ በስልክ ባትሪ ነው የምታያት። ፍላሽ ላወጣ ስል የጋሼ ነገር ትዝ አለኝ፣ ሙሽራዋን ወንበሯን አንስተን ወደ መስኮቱ አዞርናት፣ ገና እየነጋ ነው፣ ጉንጯ ላይ ያቺ ያሉት ነገር መጣች። እንደዛ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ሜካፕ ሠሪዋም አይታው "ላክልኝ፣ ስምህን እጽፋለሁ" አለችኝ።

አያታቸው ከጎጃም መጥተዋል፣ ጥግ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ማንም ፎቶ አላነሳቸውም። ሙሽራዋን ከመውጣቷ በፊት እሳቸው ጋ ወሰድኳት። ሲመርቋት ስምንት ፎቶ አነሳሁ፣ ሁለቱም ሜሞሪ ላይ እንዳለ አየሁ፣ ከዛ መልሼ አየሁ። ማሂ ይሄን ስታነቢ ላንቺ ነው።

መጥፎውም ነበር። ፓርክ ላይ ጥበቃዎቹ ትልቁን ካሜራ ሲያዩ ፈቃድ ብለው አቆሙን፣ 40 ደቂቃ ከሚዜዎቹ ጋር በር ላይ ተቃጠልን፣ አስቀድሜ መደወል ነበረብኝ። ኬኩ ሲቆረጥ ፍላሼ ባትሪ ጨረሰ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ አጣሁት፣ ሁለተኛውን ነው ያነሳሁት፣ ማንም አላወቀም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። ከውሉ ሁለት ሰዓት አለፉ፣ ልጠይቅ አፍሬ ዝም ልል ስል የሙሽራው አባት ራሳቸው ውሉን ከኪሳቸው አውጥተው ቆጠሩልኝ። አልበሙንም አዘዙ፣ ትልቁን።

ማሂ_ሌንስ
ጥር 20

ስምንቱንም ላክልኝ። በቴሌግራም ከሆነ ፋይል አድርገህ፣ ፎቶ አድርገህ ስትልከው ያጨማልቀዋል።

የፒያሳው_አዛውንት
ጥር 21

የመስኮቱን ለኔም ላክ፣ የልጅ ልጄ ትከፍትልኛለች። ፊቷን አታንጣ።

ሳሪስ_ላይ
ጥር 23

ጋሼ ልኬያለሁ፣ አልነካሁትም።

ሰዎች አንድ ነገር፣ ከሰርጉ ሦስት ሰው ደውሎልኝ አንዱ ሁዳዴ ሳይገባ ቅዳሜ የካቲት 7 ነው፣ ቀብድ ተቀብያለሁ፣ ዋጋውም 25 አይደለም። ማሂ በዛ ቀን ሥራ አለባት። ሰከንድ ካሜራ የሚሆነኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ከጠዋት 12 እስከ ማታ 3 ሰዓት፣ ቃሊቲ አካባቢ፣ ምሳና ትራንስፖርት በኔ፣ 5 ሺህ እከፍላለሁ፣ በዋዜማው። ሁለት ሜሞሪ የሚወስድ ካሜራ ያለው ብቻ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ካልሲው ያልተቀደደ።

ስልክ_ይበቃል
ጥር 23

አይፎን ይሆናል?